ስኳርና አጥንት፦ በቀጠሮ ቀን የማይነሳው ጉዳይ

ስኳር ያለበት ሰው ስለ ዓይኑ ይነገረዋል። ስለ ኩላሊቱ ይነገረዋል። እግርህን በየቀኑ እየው፣ ጥፍርህን ስትቆርጥ ተጠንቀቅ፣ በባዶ እግርህ አትሂድ ይባላል። ሁሉም ትክክል ነው። አጥንት ግን ብዙ ጊዜ አይነሳም። እኔ አይነት 2 ስኳር ከተገኘብኝ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ክትትል ክፍል ውስጥ ስለ አጥንቴ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ሐኪሞቹን ለመውቀስ አይደለም። በአንድ ጠዋት ስንት ሰው እንደሚያዩ እናውቃለን። ስኳሩን አይተው፣ ግፊቱን ለክተው፣ መድኃኒት ጽፈው ቀጣዩን ካርድ መጥራት አለባቸው። ስለዚህ ጥያቄው ከእኛ ከታካሚዎቹ መምጣት አለበት። ይህን የምጽፈው ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ እንድታውቁ ነው።

የኔ ነገር የታወቀው በእጅ ስብራት ነው። ክረምት ነበር። ከደጅ ስገባ እርጥብ ሴራሚክ አንሸራተተኝና በመዳፌ ተደገፍኩ። ከደረጃ አልወደቅኩም፣ መኪናም አልገጨኝም። ከቆምኩበት ነው የወደቅኩት። ራጅ ሲነሳ ከአንጓዬ ትንሽ ከፍ ብሎ የክንዴ አጥንት ተሰብሯል። ጀሶ ታሰረልኝ።

ያየኝ የአጥንት ሐኪም ወጣት ልጅ ነው። "እናቴ፣ ሰው ከቆመበት ወድቆ ከተሰበረ ስብራቱን ጠግኖ መሸኘት ብቻ አይበቃም፤ አጥንቱ ራሱ መታየት አለበት" አለኝ። ከዚያ ጥያቄውን አከታተለው። ዕድሜዎ ስንት ነው? የወር አበባዎ መቼ ቆመ? እናትዎ ወይም አባትዎ ዳሌያቸው ተሰብሮ ያውቃል? ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ወስደዋል? ሲጋራ፣ መጠጥ? ሌላ የሚከታተሉት በሽታ አለ? ስኳር አለብኝ ስለው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ይሄማ ዋናው ነው" አለኝ።

እሱና በኋላም የስኳር ሐኪሜ ያስረዱኝን በገባኝ መንገድ ላስቀምጠው።

አጥንት ሕይወት ያለው ነገር ነው። ያረጀው ክፍል እየፈረሰ በቦታው አዲስ ይሠራል። የሚያፈርሱ ሕዋሳት አሉ፣ የሚገነቡም አሉ። ኢንሱሊን የሚገነቡትን ያግዛል። አይነት 1 ስኳር ላይ ሰውነት ኢንሱሊን ማምረቱን ያቆማል። በሽታው ደግሞ ብዙ ሰው ላይ የሚመጣው በልጅነት ወይም በጉርምስና ነው። ሰው የዕድሜ ልክ የአጥንት ስንቁን የሚይዘው በዚያ ጊዜ ነው፤ እስከ 30 ዓመት ገደማ ያልተጠራቀመው በኋላ አይገኝም። ለዚህ ነው አይነት 1 ያለባቸው ሰዎች አጥንታቸው ከእኩዮቻቸው ሳስቶ የሚገኘው። የዳሌ ስብራት አደጋቸው ስኳር ከሌለበት ሰው ከ3 እስከ 6 እጥፍ እንደሚደርስ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

የአይነት 2 ነገር ይለያል። እኔን ያስገረመኝም ይሄ ነው። አይነት 2 ያለበት ሰው አጥንቱ ሲለካ ብዙ ጊዜ አልሳሳም። እንዲያውም ከሌላው ሰው ወፈር ያለ ሊሆን ይችላል። ግን በቀላሉ ይሰበራል። እንዴት ይሆናል?

የጭቃ ቤት ግድግዳን አስቡ። ጭቃው ብቻውን አይቆምም፤ ጭድ ይገባበታል። ግድግዳውን አያይዞ የሚይዘው ጭዱ ነው። አጥንትም እንደዚያ ሁለት ነገር ነው። ካልሲየሙ ጭቃው ነው። ኮላጅን የሚባለው የፕሮቲን ክር ጭዱ ነው። የአጥንት መለኪያ መሣሪያው የሚለካው ጭቃውን ነው። ስኳር የሚያበላሸው ደግሞ ጭዱን ነው። በደም ውስጥ የበዛው ስኳር ኮላጅኑ ላይ እየተጣበቀ ያደርቀዋል። የደረቀ ክር አይለጠጥም፤ ስለዚህ አጥንቱ ሲመታ አይችልም፣ ይሰነጠቃል።

የስኳር ሐኪሜ አንድ ነገር ስትጨምርልኝ ጉዳዩ ይበልጥ ገባኝ። በየ3 ወሩ የምንሠራው የኤ ዋን ሲ ምርመራ የሚለካው ስኳሩ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን ላይ ምን ያህል እንደተጣበቀ ነው። አጥንት ላይ የሚሆነውም ያው መጣበቅ ነው። ልዩነቱ ቀይ የደም ሕዋስ ከ4 ወር አይዘልም፤ ሞቶ በሌላ ይተካል። የአጥንት ኮላጅን ግን ለዓመታት ይቆያል። ስኳር ሲኖር ደግሞ የአጥንት መታደስ ራሱ ይቀዘቅዛል፤ የተበላሸው ክፍል ቶሎ አይነሳም። ስለዚህ ዘንድሮ ኤ ዋን ሲያችሁ ቢያምርም አጥንታችሁ የድሮዎቹን ዓመታት ይዞ ይቆያል። በተለይ ስኳር ከያዛችሁ ከ10 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ወይም ኤ ዋን ሲያችሁ ከ8 በመቶ በላይ እየሆነ ካስቸገረ፣ አጥንቴስ ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ስኳር በጣም ሲበዛ ሽንት ይበዛል፣ ካልሲየምም ከሽንቱ ጋር ይወጣል። ኩላሊት ሲጎዳ ደግሞ ቫይታሚን ዲን ወደሚሠራበት መልክ የሚቀይረው እሱ ስለሆነ ሰውነት ካልሲየምን ከምግብ መሳብ ያቅተዋል። ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲጎዱ አጥንቱ የሚደርሰው ምግብ ይቀንሳል። እነዚህ ሁሉ ተደርበው ይመጣሉ።

የአጥንት ጥግግት ምርመራ በአንድ የግል ማዕከል ተነሳሁ። ዴክሳ ይሉታል። በየሰፈሩ የሚገኝ መሣሪያ ስላልሆነ ሐኪማችሁን የት እንዳለ ብትጠይቁ ይሻላል። አያምም፣ መርፌም የለውም። ትተኛላችሁ፣ መሣሪያው በላያችሁ ያልፋል፣ በቃ። ውጤቱ ቲ ስኮር በሚባል ቁጥር ይመጣል። ከ-1 ወደ ላይ ከሆነ ደህና ነው። ከ-1 እስከ -2.5 ባለው መካከል ከሆነ መሳሳት ጀምሯል ይባላል። -2.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የአጥንት መሳሳት በሽታ ነው። የኔ -1.4 ነበር። ወረቀቱን ያነበበችልኝ ልጅ "ብዙም አያሰጋም" አለችኝ። ወረቀቱን ብቻ ላየ ሰው እውነቷን ነው።

የስኳር ሐኪሜ ግን ሌላ ነገር ነገረችኝ። አይነት 2 ያለበት ሰው ቁጥሩ ከሚለው በላይ ለስብራት ይጋለጣል። ለማነጻጸር ከቁጥሩ ላይ ግማሽ ነጥብ ዝቅ አድርጎ ማሰብ ይቻላል። የኔ -1.4 ስኳር በሌለባት ሴት ዘንድ እንደ -1.9 ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ አንዴ ተሰብሬያለሁ። ከቆሙበት ወድቆ መሰበር፣ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ ራሱን የቻለ ማስጠንቀቂያ ነው። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ አጥንትን በሰፊው አንስቷል። ስኳር ላለባቸው ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ወይም ሌላ አጋላጭ ነገር ላለባቸው ሰዎች ምርመራው እንዲሠራ፣ መድኃኒትም -2.5 እስኪደርስ ሳይጠበቅ ከ-2 ጀምሮ ወይም ስብራት ካለ እንዲታሰብ ይላል። ቁጥራችሁ "ደህና" ተብላችሁ ከተሸኛችሁ፣ ስኳር እንዳለባችሁ ውጤቱን ያነበበው ሰው ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ።

የወንድሜ ልጅ አይነት 1 ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ኢንሱሊን ይወጋል። የኔን ነገር ከሰማ በኋላ ለሐኪሙ አንስቶ ቫይታሚን ዲው ሲለካ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። እንዴት ይሆናል፣ አገራችን የ13 ወር ፀሐይ አይደለችም ወይ ትሉ ይሆናል። ግን ቢሮ ገብቶ ማታ ለሚወጣ ሰው ፀሐይዋ ምን ታደርግለታለች? ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ የፀሐይ ጊዜ ይፈልጋል። ሰውነታቸውን ሙሉ በሙሉ ሸፍነው የሚወጡ እናቶችም ያው ናቸው። እሱ አሁን በሐኪም ትእዛዝ እየወሰደ ነው።

ወደ መድኃኒት ልምጣ፤ በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ክኒን አጥንትን እንደሚጎዳ የሚያሳይ ነገር የለም። ግን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል። የቢ12 ማነስ እግርን ያደነዝዛል፣ የደነዘዘ እግር ይጥላል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የወሰዳችሁ ቢ12 አስለኩ። ፓዮግሊታዞን የሚባለው የስኳር ክኒን በተለይ ሴቶች ላይ የስብራት አደጋን እንደሚጨምር ይታወቃል። ስብራት ያለባችሁ ይህን የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪማችሁ አንሱ። በራሳችሁ አታቁሙ። ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ስኳር የሚያወርድ ክኒን ደግሞ አጥንቱን በቀጥታ አይጎዱም፤ ስኳር ከመጠን በላይ ሲያወርዱ ግን ሰው ይጥላሉ። ስኳር ከ70 ሲወርድ ላብ ላብ ይላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን ይጨልማል። በዚያ ሰዓት ቆሞ መሄድ ለስብራት ቅርብ ነው። መጀመሪያ ቁጭ ማለት፣ ቀጥሎ ስኳር ያለው ነገር መጠጣት፣ ደህና ሲሆኑ መነሳት። ስኳሬ ዝቅ አለ ብሎ ወጥ ቤት ድረስ እየሮጡ መሄድ አይገባም። እኔ ከረሜላ በየክፍሉ አስቀምጫለሁ።

በጾም ሰሞን ይህ ይብሳል። እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ የሚቆይ፣ ጠዋት ግን እንደ ልማዱ ክኒኑን የዋጠ ሰው ስንቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወድቋል። የረመዳን ጿሚዎችም ያው ችግር አለባቸው። ጾሙ ሳይገባ ሐኪም ጋር ሄዶ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ማስተካከል ያስፈልጋል። ኦርቶዶክሶች ደግሞ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ለታመመ ሰው መንገድ እንዳለ እነሱም ይነግሯችኋል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስኩ። ስኳር ላለበት ሰው አለመውደቅ ራሱ የአጥንት ሕክምና ነው። ከካልሲየሙም ከክኒኑም በፊት የማስቀምጠው ይህን ነው። ምክንያቱም ስኳር አጥንቱን እያደከመ በሌላ በኩል ደግሞ ሰውየውን ለመውደቅ ያዘጋጀዋል። እግሩ ይደነዝዛል፣ ምን እንደረገጠ አያውቅም። ዓይኑ ይደክማል። ሲነሳ ግፊቱ ዝቅ ይልና ያዞረዋል። ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ይነሳል፣ ያውም በጨለማ።

እኔ ቤት ውስጥ የቀየርኩትን ልንገራችሁ። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የምይዘው ብረት በብየዳ ሠራተኛ አሠርቼ አስተከልኩ። ሳሎን የነበረውን ተጠቅልሎ የሚነሳ ምንጣፍ አነሳሁ። ፕላስቲክ ሸበጥ ትቼ ተረከዙ የሚያዝ፣ ታችው የማያንሸራትት ጫማ ቤት ውስጥ አደርጋለሁ። መብራት ስለሚጠፋ ባትሪ ከትራሴ አጠገብ አለ። ሌሊት ስነቃ ወዲያው አልነሳም፤ አልጋው ጫፍ ላይ እግሬን አውርጄ ጥቂት እቀመጣለሁ። በዕድሜ ለገፉ ወላጆች ከአልጋው አጠገብ ፖፖ ማስቀመጥ አያሳፍርም። ሌሊት ሽንት ከበዛ ደግሞ ስኳሩ ከፍ ብሎ ሊሆን ስለሚችል መለካት ይገባል።

በዓል ሲሆን ቄጤማ ሴራሚክ ላይ አይጎዘጎዝም ብያለሁ። መጀመሪያ ልጆቼ አዘኑ፣ ደስ የሚለው ሽታው ነው አሉ። አሁን በረንዳው ጥግ ላይ እናደርገዋለን። የነጠላና የቀሚስ ጫፍም ይጥላል፤ ደረጃ ስወጣ እሰበስበዋለሁ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "ቶሎ በሉ" ሲል አልቸኩልም። "ልጄ፣ ቆይ፣ አጥንቴ አይችልም" እለዋለሁ፤ አብዛኞቹ እጄን ይዘው ያወርዱኛል። መንገድ ላይ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድና የተቆፈረ የእግረኛ መንገድ ስላለ ስልክ እያወራሁ አልሄድም። ከመሸ ደግሞ ሰው አስከትዬ ነው።

ዓይንን አትርሱ። በዓመት አንዴ የሬቲና ምርመራ ለዓይን ብቻ አይደለም፣ ለዳሌም ነው። ሞራ ካለ ማስወገድ መውደቅን ይቀንሳል።

እግርና ወገብን ማጠንከር ሌላው ነው። እኔ ከወንበር እጄን ሳልደገፍ መነሳትና መቀመጥን እለማመዳለሁ። ግድግዳ ይዤ በአንድ እግሬ እቆማለሁ። ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ፤ ፀሐዩም ያኔ ይገኛል። የስኳር ጉዳት ዓይናቸው ውስጥ ደም ያፈሰሰባቸው ሰዎች ከባድ ነገር ከማንሳትና ወደ ታች ከመደፋት በፊት የዓይን ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ስግደትም እንዲሁ።

ስለ ወጌሻ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። እጄ የተሰበረ ጊዜ የመጣ ሰው ሁሉ "ጥሩ ወጌሻ አለ" ይለኝ ነበር። ጀሶው ታስሮልኝም "ፈትተሽ አሳዪው" ያሉኝ አሉ። የተሳካላቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ወጌሻ ለብዙ ዘመን ሕዝባችንን ያገለገለ ሙያ ነው፣ አልንቀውም። ለስኳር ሕመምተኛ ግን እጅግ አደገኛ ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ። በቀርቀሃ ስንጥር አጥብቆ ሲታሰር የደም ዝውውሩ ሊቆም ይችላል። ጤነኛ ሰው ሕመሙ ያስጮኸዋል፣ ይፈታለታል። እግሩ የደነዘዘ የስኳር ሕመምተኛ ግን አይሰማውም። ጣቱ እስኪጠቁር ድረስ "ደህና ነኝ" ይላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መቁረጥ ይሆናል። በሰፈራችን አንድ አባት ቁርጭምጭሚታቸው ዞሮ ታስረው እንዲህ ሆነዋል፤ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም። ማሸቱም ቢሆን የተሰነጠቀ አጥንት ላይ ነገር ያባብሳል።

ጀሶም ቢሆን ይጠበቃል። ጣቶቻችሁን በየቀኑ እዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከገረጡ፣ ካበጡ፣ ከደነዘዙ በዚያው ቀን ተመለሱ። ጀሶው ውስጥ በእንጨት አትከኩ፤ ቁስሉ ሳይታይ ይመረቅዛል። የስኳር ሰው ስብራት ለመግጠም ረዘም ያለ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። የኔም ከተባለው ቀን በላይ ቆይቷል። በዚያ ጊዜ ስኳሩን መቆጣጠር ለስብራቱ ዋናው መድኃኒት ነው። ሌላው የተነገረኝ ትከሻዬን ነበር። ስኳር ያለበት ሰው ትከሻው ቶሎ ይደርቃል፤ እጁ ታስሮ ሳያንቀሳቅሰው ከቆየ ጀሶው ሲፈታ ክንዱ አይነሳም። ስለዚህ ከጀሶው ውጭ ያሉትን ጣቶቼን፣ ክርኔንና ትከሻዬን ሐኪሙ እንዳሳየኝ ጠዋትና ማታ አንቀሳቅስ ነበር።

አንድ ምልክት ደግሞ አጥብቄ ላሳስባችሁ። ስኳር ለዓመታት የቆየበት፣ እግሩ የሚደነዝዝ ሰው አንድ እግሩ በድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ያውም ብዙም ሳያመው፣ ሻርኮ የሚባል ነገር ሊሆን ይችላል። የእግር አጥንቶች ውስጥ ለውስጥ እየተሰባበሩ ነው ማለት ነው። ሰውየው ስለማያመው ይራመድበታል፣ ሲራመድበት እግሩ ቅርፁን ያጣል። የመጀመሪያው ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ምች ነው፣ ቁርጥማት ነው እየተባለ ቀኑ ያልፋል። ሁለቱን እግሮች በእጃችሁ ጀርባ ነክታችሁ አነጻጽሩ። አንደኛው በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ እግሩን ሳትረግጡበት ሐኪም ጋር ሂዱ፤ ስኳር እንዳለባችሁና እግራችሁ እንደሚደነዝዝ መጀመሪያ ተናገሩ። ሕክምናው እግሩን ከመርገጥ ማሳረፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ በጀሶ። በጊዜ ከተያዘ እግሩ ይድናል።

ምግብ ላይ ሁሉም ሰው "ወተት ጠጪ" ይላል። ጥሩ ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም አለው። ዐዋቂ ሰው በቀን 1,000፣ ከ50 ዓመት በላይ ያለች ሴት 1,200 ሚሊግራም ትፈልጋለች። ወተት የማይስማማው እርጎ ይሞክር፤ ስኳር ሳይጨመርበት። ግን የጾም ሰው ምን ያድርግ? ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው። እዚህ ላይ የራሳችን ማዕድ ይረዳናል። ዳጉሳ ከእህሎች ሁሉ በካልሲየም የበለፀገ ነው፤ 100 ግራም ዱቄት ከ300 ሚሊግራም በላይ ይይዛል። ጤፍም ከስንዴ በብዙ ይበልጣል። ሊጡ ሲቦካ ካልሲየሙን ጠፍሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፤ በደንብ የቦካ እንጀራ የሚሻለው ለዚህ ነው። እርግጥ ዳጉሳም ጤፍም ስኳር ይጨምራሉ፤ መጠኑን መመጠን ነው። እኔ እንጀራዬን አሳንሼ ጎመኑን አብዝቻለሁ። ጎመን ካልሲየሙ ለሰውነት በቀላሉ ይገኛል። ቆስጣ ግን እንደ ጎመን አይደለም፤ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዝ ነገር ስላለበት ብዙው ሳይጠቅም ያልፋል። ለሌላ ነገር ብሉት፣ ለካልሲየም ግን ጎመንን ምረጡ። ሰሊጥም በጾም ጥሩ ነው።

ፕሮቲንም ይረሳል። አጥንት ያለ ፕሮቲን አይሠራም፣ ጡንቻም እንዲሁ። ስኳሬ ይጨምራል ብለው ምግብ ሁሉ ፈርተው የከሱ ሰዎች አውቃለሁ። መክሳት አጥንትን ያሳሳል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ሲገኝ አትተዉ። ኩላሊታችሁ የተነካ ከሆነ ግን መጠኑን ሐኪም ይንገራችሁ። ጨው መቀነስ ለግፊት ብቻ አይደለም፤ ጨው ሲበዛ ካልሲየም በሽንት ይወጣል።

በጣም የምጠየቀው "የካልሲየም ክኒን ልግዛ ወይ?" የሚል ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ አንድ ትልቅ ብልቃጥ ይዞ ይመጣል፣ እናቶቻችንም በየቀኑ ይውጡታል። እኔ የተነገረኝ መጀመሪያ ከምግብ የማገኘውን እንድቆጥር፣ የጎደለውን ብቻ በክኒን እንድሞላ ነው። ቫይታሚን ዲ ደግሞ ከተለካ በኋላ በታዘዘው መጠን። ኩላሊታቸው የደከመ ወይም የኩላሊት ጠጠር ያለባቸው ሰዎች ሳይጠይቁ እንዳይጀምሩ። እንደ አሌንድሮኔት ያለ የአጥንት መድኃኒት የታዘዘላችሁ ካላችሁ ኩላሊታችሁ መታየቱን አረጋግጡ። አወሳሰዱንም አጥብቁ፦ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳትተኙና ሳትበሉ። ውሃውና አለመተኛቱ ጎሮሮን ስለሚያቆስል ነው። ጠዋት ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ያ 30 ደቂቃ ከቁርሳችሁና ከክኒናችሁ ሰዓት ጋር እንዴት እንደሚገጥም ከሐኪማችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።